በኮንሶ ተራራማ ከተሞች ስለ ቤት አሠራርና ስለ ኅብረት ኑሮ

መግቢያ

ስለ ተራራ አገር መንደሮች በሚጻፍበት ጊዜ በቅድሚያ የሚመረመረው አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ከምን እንደተሠራ ነው። ግርግዳው እንጨት ወይም ድንጋይ መሆኑ፥ ክዳኑ ሣር ወይም ቆርቆሮ መሆኑ፥ ስንት ዓመትም እንደሚቆይ ይጠየቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቤት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ነገር ስላልሆነ ሌላ ጥያቄ ያስከትላል። ይኸውም ቤቱን በየጊዜው የሚጠግነው፥ በሌሊት ከእሳት የሚጠብቀው፥ በዙሪያው ያለው ካብ ሲናድ መልሶ የሚያቆመው ማን ነው የሚለው ነው።

ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ለመመርመር በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኙት የኮንሶ ከተሞች የተመቹ ናቸው። እነዚህ ከተሞች በጠባብ የተራራ ራስ ላይ ተቆርቁረው፥ ዝናቡ በማይታመን አገር ለብዙ ትውልድ እያደጉ ኖረዋል። በዛሬው ጊዜ ደግሞ ሕዝባቸው ከቅጥሩ ውጭ እየፈሰሰ፥ የሣሩ ክዳንም በቆርቆሮ እየተለወጠ ይገኛል። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ በመጀመሪያ ከተሞቹ እንዴት እንደሚያድጉ፥ ቀጥሎ ቤቱና ግቢው እንዴት እንደሚሠራ፥ ከዚያም ይህን ሁሉ ደግፎ የያዘው የኅብረት ግዴታ ምን እንደሆነ፥ በመጨረሻም በዚህ ግዴታ ላይ የደረሰው ለውጥ ይገለጻል።

ስለ አገሩ አቀማመጥ

ኮንሶ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በሰገንና በወይጦ ወንዞች ቆላ መካከል ከፍ ብሎ የቆመ ተራራማ አገር ነው። ሕዝቡ የሚናገረው ቋንቋ ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን ሲሆን ለኦሮምኛ ይቀርባል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ፥ በዚያን ጊዜ ልዩ ወረዳ በነበረው ኮንሶ ከ230 ሺህ የሚበልጥ ሰው ተቆጥሯል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ኮንሶ ዞን ሆኗል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ይተዳደራል። የአስተዳደሩ መቀመጫ ካራት የተባለው ከተማ ነው።

አገሩ ድንጋያማ፥ አፈሩም ስስ ነው። ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠበቃል፤ ዋነኛው በበልግ ወራት፥ ሁለተኛው በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ ይዘንባል። ነገር ግን መጠኑ ጥቂት፥ ጊዜውም የሚለዋወጥ ከመሆኑ በላይ፥ በሚዘንብበት ሰዓት በኃይል ወርዶ አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል። የኮንሶ ገበሬም ይህን ጠባይ ስለሚያውቅ የተራራውን ወገብ ሁሉ በድንጋይ ካብ እርከን አድርጎታል። ካቡ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ፥ ድንጋይ በድንጋይ ላይ በመደርደር ብቻ የሚሠራ ሲሆን፥ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 5 ሜትር ከፍ ይላል። እርከኑ አፈሩን ይይዛል፤ ውሃውን ወደ መሬቱ ያሰርጋል፤ የተረፈውን ደግሞ ጉዳት ሳያደርስ ወደ ታች ያሳልፋል።

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት፥ ማለት ዩኔስኮ፥ ከዚህ አገር 55 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በዚያ መዝገብ እንደተመለከተው የዚህ ልማድ ዕድሜ 21 ትውልድ፥ ይኸውም ከ400 ዓመት በላይ ነው።

ስለ ከተሞቹ አቆራቆርና አስተዳደግ

በሰሜኑ የደጋ አገር በብዙ ስፍራ ገበሬው ቤቱን በማሳው አጠገብ ሠርቶ ከጎረቤቱ ራቅ ብሎ ይኖራል። የኮንሶ ሰው ግን በከተማ ተሰብስቦ ይኖርና ወደ እርሻው በእግሩ ወርዶ ይመለሳል። ይህ ከተማ በአገሬው ቋንቋ ፓሌታ ይባላል። ጋሞሌ፥ ዶካቱ፥ ቡሶ፥ መጨቄና ጌሰርጊዮ ከሚታወቁት ፓሌታዎች መካከል ናቸው።

ፓሌታ የሚቆረቆረው በኮረብታ ራስ ወይም ከፍ ባለ ሜዳ ላይ ነው። ለዚህ ምርጫ ዋነኛው ምክንያት ጠላትን ከሩቅ ለማየትና ለመከላከል ስለሚመች ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ ለእርሻ የማይሆነው ድንጋያማ ራስ ለመኖሪያ ሲውል፥ ሊታረስ የሚችለው ቁልቁለት ሁሉ ለእህል ይቀራል። ቤቶቹም ተጠጋግተው ስለሚሠሩ ብዙ ሕዝብ በጥቂት መሬት ላይ ይሰፍራል።

ከተማው በድንጋይ ቅጥር የተከበበ ነው። የቅጥሩ ብዛት ከከተማ ወደ ከተማ ይለያያል፤ አንድ ዙር ብቻ ያለው አለ፤ እስከ ስድስት ዙር የደረሰም አለ። ይህ ብዛት ከተማው እንዴት እንዳደገ የሚያስረዳ ስለሆነ በመጠኑ ሊብራራ ይገባል።

በኮንሶ ልማድ የአባቱን ግቢና አብዛኛውን መሬት የሚወርሰው የበኵር ልጅ ነው። ታናናሾቹ ሚስት በሚያገቡበት ጊዜ ከአባታቸው ግቢ ወጥተው ሌላ ስፍራ መፈለግ አለባቸው። በቅጥሩ ውስጥ ባዶ ቦታ እስካለ ድረስ እዚያው ይሠራሉ። ቦታው ሲያልቅ ግን ከቅጥሩ ውጭ፥ ቅጥሩን ተጠግተው ይሰፍራሉ። እንዲህ ያሉት ቤቶች እየበዙ በሄዱ ጊዜ የከተማው ሕዝብ በአንድነት ሆኖ እነርሱን የሚያጠቃልል ሌላ ቅጥር ይሠራል። በዚህ ምክንያት በመካከል ያለው ሰፈር ከሁሉ የቀደመ ሲሆን፥ ወደ ውጭ በተወጣ ቍጥር ኋላ የመጡት ሰፈሮች ይገኛሉ። ከዚህ እንደሚታየው የኮንሶ ከተማ የሚያድገው የታናናሽ ልጆችን ቤት አንድ በአንድ እየተቀበለ ነው። አዲሱ ቅጥር ከጠላት መከላከያ ከመሆኑም በላይ፥ በውጭ የሰፈሩት ሰዎች ከእንግዲህ ወዲህ የከተማው ወገን መሆናቸውን የሚያጸና ምልክት ነው።

ስለ ቤቱና ስለ ግቢው

አንድ ቤተ ሰብ የሚኖርበት ግቢ በተዳፋት ላይ የተደለደለ ሲሆን፥ ዙሪያው በድንጋይ ካብና ቀጥ ብለው በተተከሉ እንጨቶች የታጠረ ነው። በውስጡ ሰው የሚኖርባቸው፥ ምግብ የሚዘጋጅባቸውና እህል የሚቀመጥባቸው ክብ ጎጆዎች ይገኛሉ። ግቢው ብዙውን ጊዜ ከፍተኛና ዝቅተኛ ተብሎ በሁለት የተከፈለ ነው፤ በከፍተኛው ሰው ሲኖርበት፥ ዝቅተኛው ለከብት ይሆናል። ጎተራው ከመሬት ከፍ ተደርጎ የሚሠራው እህሉ ከእርጥበትና ከአይጥ እንዲጠበቅ ነው።

የቤቱ ግርግዳ ተቀራርበው ከተተከሉ እንጨቶች ተሠርቶ በጭቃ ይመረጋል። ክዳኑ ወፍራም ሣር ነው። ከክዳኑ ጫፍ ላይ የሸክላ ማሰሮ ይደፋል፤ ይህም የሣሩ ጫፍ በሚገናኝበት ስፍራ ዝናብ እንዳይገባ ይከለክላል። መግቢያው እጅግ ዝቅተኛ ስለሆነ የሚገባው ሰው ጎንበስ ብሎ፥ አንዳንድ ጊዜም በእጁና በጉልበቱ ድሆ ማለፍ አለበት። በጠላትነት የመጣ ሰው በዚህ በር ሲገባ አንገቱን አስቀድሞ ስለሚሰጥ ባለቤቱ በቀላሉ ይከላከለዋል።

ከብቶቹ በከተማው ውስጥ ታስረው በአገዳና በሣር ይቀለባሉ። ፍጉ እየተጠረገ በሸክም ወደ እርከኑ ይወርዳል፤ የማሽላው አገዳም ከእርከኑ ወደ ግቢው ይወጣል። በግቢና በማሳ መካከል የሚተከለው ሽፈራው ሁልጊዜ ለምለም ስለሆነ፥ ቅጠሉ ከማሽላ ዱቄት ከሚሠራው ኩርኩፋ ጋር ተቀቅሎ ይበላል። እህል በሚጠፋበት ዓመት ብዙ ቤት በዚህ ቅጠል ይሰነብታል። እንግዲህ ቤቱ፥ በረቱና እርከኑ አንዱ ከሌላው ተለይቶ የሚቆም አይደለም።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ብልኃት አንድ ትልቅ አደጋ አለበት፤ እርሱም እሳት ነው። ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩና በሣር የተከደኑ ስለሆኑ፥ በነፋስ ጊዜ ከአንድ ምድጃ የተነሣ እሳት ሰፈር ሙሉ ሊያጠፋ ይችላል። ውሃው ከሸለቆ በሴቶች ጀርባ ተሸክሞ የሚመጣ ስለሆነ እሳቱን በውሃ ብቻ አጠፋለሁ ብሎ መተማመን አይቻልም። የሚያድነው የሰው ብዛትና ፍጥነት ነው። ሰውም ብዙና ፈጣን የሚሆነው ነቅቶ የሚያድር ጠባቂ ሲኖር ነው። ወደሚቀጥለው ክፍል የሚያደርሰውም ይህ ጉዳይ ነው።

ስለ ሞራ

በእያንዳንዱ ፓሌታ ውስጥ ሞራ የሚባሉ የሕዝብ አደባባዮች አሉ። ቃሉ በአማርኛ የከብት ስብ ከሚባለው ሞራ ጋር በድምፅ ብቻ ይመሳሰላል፤ በትርጉም አይገናኝም። ከተማው ካንታ በሚባሉ ሰፈሮች የተከፋፈለ ሲሆን፥ የሰፈሩ ሰው የሚሰበሰበው በየሞራው ነው። እስከ 17 ሞራ ያላቸው ከተሞች አሉ።

በሞራው ዳር ፓፍታ የተባለ ትልቅ ቤት ይቆማል። የታችኛው ክፍል ግርግዳ የሌለውና በወፍራም ምሰሶዎች የተደገፈ ነው፤ የላይኛው ደግሞ በሣር ክዳኑ ሥር የተሠራ ሰፊ ቆጥ ነው። በቀን ሽማግሎች ከታች ተቀምጠው ነገር ይሰማሉ፤ የተጣላ ያስታርቃሉ፤ የሥራ ቀን ይቈርጣሉ፤ ሥራ የፈታ ሰውም ገበጣ ይጫወታል። በሌሊት ያላገቡ ወጣት ወንዶች ከላይ በቆጡ ያድራሉ። የሚያድሩትም ሰፈሩን ከእሳትና ከጠላት ለመጠበቅ፥ በሌሊት የታመመ ወይም የምትወልድ ሴት ብትኖር ቶሎ ለመርዳት ነው።

በዚህ አኳኋን አንድ ልጅ ከሕፃንነቱ እንደወጣ የአባቱን ቤት ትቶ በሰፈሩ ቤት ማደር ይጀምራል። ይህ ለወላጆቹ ጠባብ ግቢ ፋታ ይሰጣል፤ ለልጁም ትምህርት ነው። የታላላቆቹን ጨዋታና የሽማግሎቹን ፍርድ እየሰማ ያድጋልና። በአንዳንዱ ሞራ ደጋ ድሩማ የሚባል ከባድ ክብ ድንጋይ ተቀምጦ ይገኛል። ወጣቱ ይህን ድንጋይ አንሥቶ በራሱ ላይ አሳልፎ ወደ ኋላው በወረወረ ጊዜ ለአካለ መጠን መድረሱና ለጋብቻ መብቃቱ ይታወቅለታል።

ስለ ትውልድ አቆጣጠርና ስለ ሥራ ግዴታ

የኮንሶ ሕዝብ በዘር በዘጠኝ ጎሣ ይከፈላል፤ የአንድ ጎሣ ልጆች እርስ በርሳቸው አይጋቡም። የጎሣው አለቃ ፖቀላ ይባላል። መኖሪያው ብዙውን ጊዜ ከከተማው ውጭ፥ ዛፉ በማይቈረጥ ጥብቅ ደን አጠገብ ሲሆን፥ ሥራውም መባረክ፥ ማስታረቅና ለተቸገረ መሬት መስጠት ነው። ጎሣ ግን በየከተማው ተበታትኖ ስለሚገኝ የከተማውን የዕለት ሥራ ሊያካሂድ አይችልም። ይህን የሚያካሂደው ሌላ ድርጅት ነው፤ እርሱም የትውልድ ማኅበር ነው።

ወንዶች ሁሉ በትውልድ ተራ ይመደባሉ። በካራት አካባቢ ባሉት ከተሞች በየ18 ዓመቱ አንዱ ትውልድ ለሚቀጥለው ኃላፊነቱን ያስረክባል። ይህ በሆነ ጊዜ በሞራው ኦላሂታ የሚባል ረጅም የጥድ ግንድ ይተከላል፤ ቀድሞ ከቆሙት ጋርም ተጣምሮ ይታሰራል። እንደዚሁም ደጋ ሄላ የሚባለው የትውልድ ድንጋይ ከሩቅ ተፈልፍሎ፥ በብዙ ሰው ተጎትቶ መጥቶ በሥርዓት ይቆማል። ስለዚህ ግንዶቹን የቈጠረ ሰው የሰፈሩን ዕድሜ በግምት ሊያውቅ ይችላል።

ኃላፊነቱን የተረከበው ትውልድ የከተማውን ጸጥታ ይጠብቃል፤ የጋራ ሥራም ሲኖር ቀድሞ ይወጣል። የተናደ ቅጥር መጠገን፥ መንገድ ማበጀት፥ የሞራውን ቤት እንደገና መክደን ከዚህ ይቈጠራሉ። ከሁሉ የሚከብደው ሀርዳ በሚባለው ኩሬ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። ሀርዳ በጥብቅ ደን ውስጥ ወይም አጠገብ፥ የዝናብ ውሃ እንዲያቁር በጋራ ጉልበት የተሠራ ኩሬ ሲሆን፥ ጎርፍ ያመጣው ደለል በየጊዜው ካልተጠረገ ይሞላል። በጋራ ሥራ ቀን ያለ ምክንያት የቀረ ሰው ይቀጣል። በግል እርከን ሥራ ጊዜ ግን እንደ ሌላው አገር ደቦ ባለቤቱ ጎረቤቶቹን ጠርቶ፥ ጨቃ የተባለውን የማሽላ ጠላ አጠጥቶ ያሠራቸዋል፤ እርሱም በተራው ይሄድላቸዋል።

የኮንሶን ሕዝብ በእ.ኤ.አ. 1972 በታተመ ሰፊ መጽሐፍ የገለጸው እንግሊዛዊው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ክሪስቶፈር ሆልፓይክ ስለ ከተሞቹ ሥርዓትና ስለ ትውልድ ማኅበሩ በዝርዝር ጽፏል። በእ.ኤ.አ. 2009 ስለ እርከኖቹ መጽሐፍ ያሳተመችው ኤሊዛቤት ዋትሰን ደግሞ እርከኑ የቆመው በድንጋዩ ብቻ ሳይሆን ጉልበትን በሚያሰባስበው ማኅበራዊ ግንኙነት መሆኑን አስረድታለች። ስለ እርከን የተባለው ለቤትም ይሠራል።

ስለ ሥርዓቱ ጉድለት

ይህን የኅብረት ኑሮ ያለ ነቀፋ ማመስገን ግን ለእውነት አይስማማም። በሞራው ሸንጎ የሚቀመጡትና የሚፈርዱት ወንዶች ብቻ ናቸው። ከሸለቆ ውሃና እንጨት ተሸክመው ወደ ተራራው ራስ የሚወጡት ግን ሴቶች ናቸው፤ የተራራው ራስ የሰጠው ጸጥታ በእነርሱ ጀርባ የተከፈለ ነው። ሸማኔው፥ ሸክላ ሠሪዋ፥ ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው ደግሞ ከገበሬው ጋር እንዳይጋቡ ለብዙ ዘመን ተለይተው ኖረዋል። ምንም እንኳ በቤቱ ጫፍ ላይ የሚደፋው ማሰሮ የእነርሱ እጅ ሥራ ቢሆን፥ ድምፃቸው በሸንጎው አይሰማም ነበር። ታናሽ ልጅም ቢሆን የሚወርሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት፥ የደሞዝ ሥራና አዲስ ሃይማኖት በመጡ ጊዜ ቀድመው ወደ እነርሱ ለመሄድ ምክንያት ያላቸው ሰዎች በከተማው ውስጥ አልጠፉም።

ስለ ዘመኑ ለውጥ

ኮንሶ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ከተዋሐደ በኋላ በከተሞቹ መካከል የነበረው ጦርነት እየቀነሰ ሄደ። ከቅጥር ውጭ መኖር እንደ ቀድሞው የሚያስፈራ መሆኑ ስለ ቀረ፥ ታናናሾቹ ልጆች ከቅጥር ውጭ ሰፍረው በዚያው ቀሩ፤ እነርሱን የሚያጠቃልል አዲስ ቅጥር መሥራትም አስፈላጊ መስሎ አልታየም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ ደግሞ አሮጌው ሥርዓት እንደ ኋላ ቀር ልማድ ተቆጥሮ ተነቀፈ፤ የሞራው ሥልጣንም ወደ ገበሬ ማኅበር ተዛወረ። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ትምህርትም ብዙዎችን ከአሮጌው የእምነት ሥርዓት አራቀ።

በዛሬው ጊዜ በከተሞቹ ውስጥም ሆነ ውጭ የቆርቆሮ ክዳን በብዛት ይታያል። በዚህ የሚያዝኑ ሰዎች የአገሩ መልክ ጠፋ ይላሉ። ነገር ግን ቆርቆሮ የሚያለብሰው ሰው በቂ ምክንያት አለው። መሬቱ ሁሉ በመታረሱ የክዳን ሣር እየጠፋ ነው፤ ሣር በየጊዜው መለወጥ ሲኖርበት ቆርቆሮ ለብዙ ዓመት ይቆያል፤ እሳት አይይዘውም፤ ዝናብ ሲዘንብም ውሃውን በእንስራ ለመቀበል ያመቻል። ይህ የመጨረሻው ጥቅም ውሃ ለምትሸከመው ሴት ቀላል አይደለም። በአንጻሩ ቀን ይሞቃል፥ ሌሊት ይበርዳል፤ በገንዘብም የሚገዛ ነው።

እንግዲህ በጥንቃቄ ለሚመለከት ሰው ከክዳኑ መለወጥ ይልቅ የፓፍታው ቆጥ ባዶ መሆን ያሳስባል። ወጣቶቹ በትምህርት ቤት ወዳለበት ስፍራ ወይም ደሞዝ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄዱ በሞራው የሚያድር ጠባቂ ይጠፋል። ጠባቂ ሲጠፋ የሣር ክዳን ያለው ሁሉ ይሠጋል፤ ሠግቶም ቆርቆሮ ይገዛል። ቆርቆሮ የገዛውም ከእሳት በራሱ ገንዘብ ስለዳነ የሰፈሩን ጥበቃ እንደ ቀድሞው አይፈልገውም። በዚህ አኳኋን አንዱ ለውጥ ሌላውን ይስባል። ከዚህም የሚበልጠው ጉዳት ኋላ የሚታይ ነው፤ እሳትን በቆርቆሮ መከላከል ይቻላል፤ ነገር ግን በደለል የተሞላን ሀርዳ ወይም የተናደን እርከን አንድ ሰው ብቻውን በገንዘቡ ሊያድሰው አይችልም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናብ ለተከታታይ ወቅቶች ሲጠፋ አገሩ ያየው ችግር፥ ውሃን የሚያቁርና አፈርን የሚይዝ የጋራ ሥራ ዛሬም ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚያሳስብ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው የሚወሰደው ትምህርት ይህ ነው። የኮንሶ ቤት ለረጅም ዘመን የጸናው እንጨቱና ሣሩ ጠንካራ ስለሆነ አይደለም፤ እንጨትም ይበሰብሳል፥ ሣርም ይቃጠላል። የጸናው አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ በሰፈሩ ጥበቃና ሥራ ውስጥ ተራ ስለሚይዝ ነው። ቅጥሩም የዚህ ተራ ወሰን ነበረ።

ስለሆነም ከተሞቹን ለመጠበቅ የሚደክሙ ሁሉ ድንጋዩንና ክዳኑን በሕግ ከመከልከላቸው ጋር ሌላ ነገር ማሰብ ይኖርባቸዋል። ከቅጥር ውጭ ለሚሰፍሩት አዲሶች ቦታ በሚከፋፈልበት ጊዜ፥ ለእያንዳንዱ ሰፈር በቅድሚያ የሞራ ስፍራ ቢከለል፥ ኋላ መንገድና የግል ግቢ ቢቀጥል፥ የቀድሞው የአስተዳደግ ሥርዓት በአዲስ መልክ ሊኖር ይችላል። በዚህ ሸንጎ ሴቶችና ባለ እጆች ቢቀመጡ ሥርዓቱ አይጎድልም፤ እንዲያውም የውሃው ነገር በሚመከርበት ጊዜ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በቆርቆሮ ቤት የሚኖረውም ሰው ሀርዳ በሚጠረግበት ቀን ዶማውን ይዞ እስከወጣ ድረስ የከተማው ልጅ ነው። ቤቱ በሣር ተከድኖ ሳለ በጋራ ሥራ ቀን የሚቀር ከሆነ ግን፥ ለጎብኚ ዓይን ያማረ ቢሆን እንኳ፥ ለከተማው በውጭ እንዳለ ሰው ነው።